ውሃ ጠጪ

ግባ፣ ግባ፤ በሩን በትከሻህ ግፋው፣
የትሪየስቴ ቦራ ነው ባርኔጣህን የገፈፈው።
ትናንት የዓሣ ነጋዴውን ጃንጥላ ነጥቆ
በደወሉ ቤት ጫፍ አሳደረው አጣብቆ።
በአያቴ ዘመን ከጥግ እስከ ጥግ ገመድ ይወጠር ነበር፣
ሰው እሱን ጨብጦ ነበር ከመንገድ ወደ ሆቴል የሚሻገር።

ቁልፍህ አሥራ ዘጠኝ ነው። ግን ቆይ፣ ምን ያስቸኩላል?
ሊፍቱም ሽማግሌ ነው፤ ከመነሳቱ በፊት ይስላል።
“ሁለት መልሕቅ” ይባላል ቤቱ፤ አንደኛውን ለመድፍ አቅልጠውታል፣
ከስሙ ላይ ግን ማን ይቀንሳል? የቀረው ለሁለቱም ቆሟል።

አያቴ ከዚሁ ባንኮኒ ጀርባ ነው የሸበተው፤
ሎይዜ ቮዶፒቬትስ፣ “ውሃ ጠጪ” ማለት ነው ስሎቬንኛው ሲፈታው።
ንጉሠ ነገሥቱ ወደቁ፤ ሌላ ባንዲራ መጣ፣
አንድ ጸሐፊ መነጽሩን ወልውሎ “ይህ ስም” አለ፣ “ከመዝገብ ይውጣ።”
ቤቪላኳ ተባለ፤ እሱም “ውሃ ጠጪ” ነው በጣልያንኛ፤
አያቴ ግን ውሃ ለፈረስ ነው ባይ፣ የወይን ጠጅ ጓደኛ።
በአሮጌ ስሙ ደብዳቤ ሲመጣ፣ ከፖስተኛው ፊት ቆሞ
“ይህ እንግዳ ለቋል፤ አድራሻውን ግን አውቃለሁ” ይላል፤
ማታ ጓዳ ገብቶ ያነበዋል፣ ፖስታውን ስሞ።

ባንዲራ በተለወጠ ቁጥር መሰላሉን የምትወጣው
ቱሊያ ነበረች፣ ልብስ ሰፊዋ፤ ለእሷ ጨርቅ ነው የሚመጣው።
ስድስት መንግሥት ሰቅላለች፣ አውርዳለች፣ መርፌዋን በከንፈሯ ይዛ፤
የወረደውን አትጥልም፤ ጨርቅ በዚያ ዘመን ከየት ይገዛ?
በክፍል ስምንት ያለው ቀይ መጋረጃ፣ አስተውለህ ብታየው፣
የንስር ክንፍ ጥላ አለበት፤ ፀሐይ ሲመታው ነው የሚለየው።

አሁን ወደ አሥራ ዘጠኝ። እዚያ ኖራለች ሲኞራ ኤርሲሊያ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ መስኮቷ ወደ መርከቦቹ ማረፊያ።
“ቅዳሜ እመለሳለሁ” ብሏት ሄደ አንድ ካፒቴን፤ የትኛው ቅዳሜ እንደሆነ አልነገራት፤
ስለዚህ በየቅዳሜው ታዛለች፣ ሁለት ሳህን፣ የሁለት ሰው እራት።
አስጎብኚዎቹ “አለቀሰች” ይላሉ፣ “እንባዋ ነው ወለሉን ያበላሸው።”
(ቧንቧው ነው። ጠጋኙን የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ደረሰኙም ይኸው።)

የአጣቢዋ ልጅ ግን ሌላ ታወራለች፦ ሲኞራዋ ትስቅ ነበር ማታ ማታ።
ሁለተኛው ሳህን ባዶውን የሚመለሰው ወዶ አይደለም፤
ኔሬዮ የሚባል አስተናጋጅ ነበር፣ ቀጭን፣ የጦርነት ረሃብ ያከሳው፤
በካፒቴኑ ወንበር ተቀምጦ ይበላል፣ በዝግታ።
ካፒቴኑ ቢመጣ ኖሮ የት ይቀመጥ ነበር?
ይህን ማንም አልጠየቀ።

ሌሊት እዚያ ክፍል ማንኪያ ሳህን ሲነካ ይሰማል
ብሎሃል፣ አይደል፣ የታክሲው ሹፌር?
እኔ ነኝ የፈጠርኩት።
ክረምት ነበር፤ እንግዳ የለም፤ ባለቤቱ “እንዘጋዋለን” አለ፤
የዚያን ሰሞን አንድ ጋዜጠኛ ከዝናብ ተጠልሎ ገባ፣
የሲኞራዋን ነገር ነገርኩት፣ መጨረሻው ላይ ማንኪያ ጨመርኩበት።
በሳምንቱ ሁለት ሰው መጣ፣ ማንኪያ ሊሰማ፤ በወሩ አሥራ አራት፤
በፋሲካ አልጋ ጠፋ፤ ባለቤቱ ለመንፈሷ አዲስ ምንጣፍ ገዛላት።

ውሸት ነው፤ ይኸው ነገርኩህ። ውሸቱ ግን ጣራ ጠግኗል።
ታዲያ ቅዳሜ ሌሊት፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣
መስኮቱን ልዘጋ ስወጣ፣ ቁልፉ በእጄ እያለ
በሩ ፊት እቆማለሁ። አንኳኳለሁ።
አንድ ጉርሻ ተውጦ የሚያልቅበትን ያህል እጠብቃለሁ፤
ከዚያ ነው የምገባው።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ አትስጋ።
እዚህ ላይ ፈርምልኝ። ስምህን ግን
እናትህ እንደጠራችህ አድርገህ ጻፈው።