ስንት ትራስ?

"በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?" ስትለኝ
ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ሳቄ አመለጠኝ።
ልጄን ታክላለች፣ ዶክተር ሲፈን፣ የአቃቂ ጤና ጣቢያ፤
በመስኮቷ ቆርቆሮ አጥር፣ ጭቃ፣ የባጃጅ መቆሚያ።

ቆጠርኩላት እንግዲህ፦ መስከረም ላይ አንድ፣
ጥምቀት ሰሞን ሁለት፣ ሁዳዴ ሲገባ ሦስት፣
አሁን ግን ወንበር ላይ ነው፤
ከተጋደምኩማ እሰጥማለሁ፣ በደረቅ አልጋ፣
ጠብታ ባልጣለበት ሌሊት፣ እስኪነጋ።

"ጫማስ?" አለችኝ። ጠቧል።
ባለቤቴ አስካለ ኪሎ ስጨምር
"ጡረታ ተስማማው" ስትል ነበር ለሰፈር።

እኔ የፓምፕ ሰው ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት
የአቃቂን ጉድጓድ ውሃ ወደ ከተማ የገፋሁበት፤
የካቻቢቴን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ተክዬ፣
"ኩሽኔታው አልቋል፣ ሳምንት አይቆይም" ብዬ
ስናገር ኢንጂነሩ ይስቃል።
በሳምንቱ ይቆማል።

ዛሬ ተራው የሷ ነው። ቀዝቃዛውን ብረት ደረቴ ላይ አኑራ
ዓይኗን ጨፈነች። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ።
"ሦስተኛ ድምፅ አለው" አለች።
"ኩሽኔታው ነው" አልኳት።
አልሳቀችም።

አልጋውን ግማሽ ቀና አድርጋ የአንገቴን ደም ሥር ለካች፣
እኔ የጋኑን ውሃ በመስታወት ቱቦ እንደማየው፤
ልኩን አልፏል።
አውራ ጣቷን ቅልጥሜ ላይ ተጭና ስታነሳው
ጉድጓዱ እዚያው ቀረ።
ስንት ጉድጓድ አውቃለሁ፣ ቁጥሩን በቃሌ፤
ይሄኛው አዲስ ነው፣ ከገዛ አካሌ።

ራጁ መጣ፦ ልቤ የደረቴን ግማሽ ይዟል።
ልበ ሰፊ ነው ይሉኝ ነበር፤
ምርቃት መስሎኝ አሜን ስል ኖሬ።

ቃሊቲ ልካኝ በአልትራሳውንድ አዩት፣
ጨለማ ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው፦
ከሚሞላው ደም ከመቶ ሠላሳውን ብቻ ነው የሚገፋው።
በኛ መዝገብ እንዲህ ላለው "ይቀየር" ብለን ነው የምንጽፈው።
"መለዋወጫ አለው?" አልኳት ስመለስ።
"አቶ በዳሳ፣ ይታገዛል" አለችና ጻፈች፤
የሚያሸና ኪኒን፣ ጨው የሌለው ወጥ፣ ጠዋት ጠዋት ሚዛን።

ማታ ካቻቢቴዬን ከሣጥን አወጣሁ።
ጫፉ ደረቴ ላይ ደረሰ፤ ጆሮዬ አልደረሰም።
አስካለን ጠራኋት። እጀታውን ጆሮዋ ላይ ደገፈች፤
እንደሐኪሟ ዓይኗን ጨፈነች።
"ምን ይላል?"
ቆየች። በጣም ቆየች።
"እየሠራ ነው" አለችኝ።