መካከለኛ ዙር

ቅዳሜ ማታ ነው። የመብራት ደረሰኝ
ጀርባው ባዶ ሆኖ፣ ለካርታ ደረሰኝ።
እርሳሴን ቀርጬ ከጥጉ ጀመርኩ፤
ከመርካቶ ባጃጅ፣ እስከ ቦዬ አልኩ።
ከዚያ ወዲያ በእግር፤ ጨፌውን በግራ
ጥለን ስንሻገር፣ ሳር ለባሽ ተራራ።
ተራራም አይደለ፣ ጉብታ ቢጤ ነው፣
ቱሉ ጮቆርሳ ነው፣ ሰርዶ ያለበሰው።
አምስት ጉብታ ነው፣ ትከሻ ለትከሻ፤
መነሻው አንድ ነው፣ እሱው ነው መድረሻ።

ሐኪሟ በድሪያ፣ የአባቴን ጉልበት
ተጭና፣ ዳስሳ፣ ደረቱን አዳምጣበት፣
"ሜዳ ብቻ አይሆንም፤ ገደልም አይሆንም፤
መካከለኛ" አለች። በእርሳስ አይሳልም
መካከለኛ እንግዲህ።
ስንት ሜትር ሽቅብ ነው፣ መካከለኛ ማለት?
ለእኔ ያለው ዳገት፣ ለሱ ያለው ዳገት
አንድ አይደለም ዛሬ።

ቀያሽ ነበር ድሮ፣ የመንገድ ሥራ ሰው፣
በቲዎዶላይት ነው ሀገር የሚያስሰው።
ከሶፋው ተነሣ፣ ዓይኑን እያሻሸ፣
አጎንብሶ አየና፣ ካርታዬን ገሸሸ።
"ቀጥ ያለ መንገድ፣ ለጥይት ነው" አለ፤
"ለሰው ጉልበትማ፣ ጠምዘዝ ያለ ካለ።"
እርሳሴን ነጠቀኝ።
"እዚህ ሃያ ደቂቃ፤ እዚህ እረፍት አለ፤
እዚህ ውሃ እንጠጣ፣ ምንጩ ካልጎደለ።"
"የታሸገ ይዘናል።"
"እሱንም ያዙት" አለ።

ነጂብ፣ የእህቴ ልጅ፣ ስልኩን እያሻሸ፣
"ዘጠኝ ኪሎ ሜትር" ሲል፣ ድምፁ እየነሸጠው፣
አባቴ ቀና አለ፦ "የማን ኪሎ ሜትር ነው?"

"በቀኝ እንዙር" አልኩት፣ "ዝግ ያለው ዳገት
በዚያ በኩል አለ።"
"ቁልቁለቱስ ታዲያ፣ ገደሉ የት ሄደበት?
ሽቅቡ ትንፋሽ ነው፤ ቁልቁሉ ነው ጉልበት፤
ትንፋሽስ ይመጣል፣ ብትቀመጭለት።"
ተረታሁ፤ በግራ። ገደላማው በጠዋት፣
ጤዛው ሳይደርቅ ገና፤ ለስላሳው ለኋላት።

ካልሲ ሁለት ሁለት፤ ጨፌው አልቅት አለው።
ዳቦ፣ አቮካዶ፣ ጨው በብልቃጥ ያለው።
ጃንጥላ፤ ሰኔ ነው፤ ከሰባት ሰዓት ወዲያ
ደመናው አይታመን፣ እንደ ቅዳሜ ገበያ።
የልብ ኪኒኑ፣ በነጂብ ኪስ ሳይሆን
(ነጂብ ይሮጣልና) በእኔ ቦርሳ ይሁን።

ሦስተኛው ጉብታ ጋ፣ ሲደርስ እርሳሱ
ሆድ አወጣ መስመሩ፣ ሸፈተ በራሱ።
"ይሄስ ለምንድን ነው?" "ምንም፤ ዛፍ አለበት።"
ዛፍ የለም፣ አውቃለሁ፤ ሳር ነው ያለበት።
ዝም አልኩ።
ቆይቶ ቆይቶ፣ መነጽሩን አውልቆ
"ችካል አለ" አለኝ፣ ሳቁን በሳል አንቆ።
"የወጣት ችካሌ። መንገድ ሊያልፍ ነበር
በዚያ፤ ክረምት ሙሉ፣ በጭቃ ስዳክር
ቀየስኩት። ሹሙ ተሻረ፤ መንገዱ ሳይመጣ
ሳሩም ሳር ሆኖ ቀረ፣ ችካሉ ሳይወጣ።
ሦስት ሜትር ስቻለሁ። ማንም አላወቀ፤
ሳላርመው በፊት፣ በጀቱ አለቀ።"

ሦስት ሜትር!
አራት ርምጃ ናት፤ ሃምሳ ዓመት የያዛት፣
ለእናቴም ያልነገራት።
ላሞች አልፈውባት፣ ሳር በልቷት ይሆናል፤
ምስጥስ ለችካል መች ይራራል?
"ባይኖርስ?" አልኩት።
"ባይኖር ጥሩ" አለኝ፤ "ስህተቱም አብሮት ሄዷል።
ቢኖር ግን ነቅለን፣ ነጂብ ይሸከመዋል።"

"ዞሮ ዞሮ ከቤት" አልኩና ዝም አልኩኝ፤
የተረቱን ግማሽ ከጉሮሮ መለስኩኝ።
እሱም ያውቀዋል፤ ግን አላስጨረሰኝም፤
"ሰባት ሰዓት" አለ፣ "ከዚያ አናመሽም።"

መስመሬን በላጲስ ጠረግኩት፤ የሱ ቀረ።
ቆርቆሮው ጠብ ጠብ ሲል፣ ሊዘንብ ጀመረ።
ነገ ያባራ ይሆን? ሰማዩ ነው የሚያውቀው።
አባቴ ግን ጫማውን፣ ከአልጋው ሥር ካለው ዕቃ
አውጥቶ ይቦርሻል።
እኔም በመስመሩ ሆድ፣ በትንሹ ጻፍኩበት፦
"ዛፍ። አሥር ደቂቃ።"