ምርቃት

ወረቀቷ ትንሽ ናት፤ ሦስት መስመር፣ አንድ ማኅተም፣
በቦርሳዬ ኪስ ታጥፋ ከርማለች፤ አላሳየኋት ለማንም።
«ለተማሪዋ በፈተና ቀን ይጨመርላት ሩብ ጊዜ»
ይላል በዕብራይስጥ፤ ሳነበው ይይዘኛል ትካዜ።

ኦርና ናት የሰጠችኝ፣ ከሁለተኛው ፎቅ ቢሮ፣
የብርቱካን ልጣጭ በጠረጴዛዋ፣ የሰው ፋይል ተደርድሮ።
«መብትሽ ነው» አለችኝ፤ ጆሮዬ ግን ሰማው «ምጽዋት» ብሎ፣
አመስግኜ ወጣሁ፣ ፊቴ እንደ ቤርሼቫ አስፋልት ግሎ።

በመጀመሪያው ዓመት፣ የአናቶሚ ፈተና፣
ወረቀቷን ደብቄ ከትልቁ አዳራሽ ገባሁና፣
ሰዓቱ ሲያልቅ አምስት ጥያቄ ነጭ ሆኖ ቀረ፤
አጥንቱን አውቀው ነበር። ስሙ ነው የዞረ።
ክንዴን ዳብሼ ማሳየት እችላለሁ፣ የቱ የት እንደሆነ፣
በአማርኛ አስቤ፣ በዕብራይስጥ ፈልጌ፣ በላቲን እስክጽፍ ጊዜው ባከነ።
ኀምሳ አራት አመጣሁ፤ ማለፊያው ስድሳ፣
ስድስት ነጥብ ቀላል ትመስላለች፤ ሸክሟ ግን የሬሳ።

ሰንበት እንደወጣ ማታ፣ ኪርያት ጋት፣ ከአባቴ ቤት
ወረቀቷ ከቦርሳዬ ወደቀች፤ አባቴ ይርዳው አነሣት።
ማኅተም ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ከጎንደር ጀምሮ ነው፣
አሥራ አንድ ዓመት ከአንድ በር ላይ ስሙን ሲጠብቅ የኖረ ሰው።
«ምን ይላል? ተባረርሽ እንዴ?» አለኝ ድምፁ ሰልሎ፣
ተረጎምኩለት፣ ዓይኔ ከምንጣፉ አበባ ላይ ውሎ።

ሳቀ። አባቴ ብዙ አይስቅም፣ እዚህ አገር ከመጣ።
«አንቺ፣ እኔ እኮ ሽንኩርት ሸጫለሁ፣ በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ ጣጣ።
ገዢዋ ከፍላ ስታበቃ ‹መርቅልኝ› ትል የለ? አይደል?
ማን ለማኝ ነሽ አላት? እፍኝ ሳልጨምር ልሸኛት? ይህስ በደል።
ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፤ የእኔ ሚዛን ያጋድል ነበረ፣
ያ እፍኝ ነው ጉድለቱን የሞላው፣ እኔንም ከእርግማን ያስቀረ።»
ከዚያ ዝም አለ። ሻዩን አማሰለ፣ ስኳር ሳይጨምርበት።
«አሥራ አንድ ዓመት ወስደውብሻል። ግማሽ ሰዓት ቢመልሱ ምን አለበት?»

በማግሥቱ በባቡር ስመለስ፣ የስንዴው ማሳ በመስኮቱ ሲሮጥ፣
ቃሉን ደጋግሜ ቀመስኩት። እፍኝ። መርቅልኝ። እንደ ቆሎ ሳላምጥ።
ምረቃ ይሉታል ትምህርት ሲያልቅ፤ ምርቃት ይሉታል እፍኝ ሲጨመር፤
አንድ ሥር ናቸው። ይህን ማን ነገረኝ? የሽንኩርት ነጋዴ ነበር።

እናም በየካቲት፣ ዝናብ ኔጌቭን ጭቃ ባደረገበት ጧት፣
በትንሿ ክፍል በር ቆሜ ወረቀቷን ዘረጋኋት።
ስድስት ወንበር፣ አንድ ማሞቂያ፣ የተቃጠለ አቧራ፣
ሱዓድ ከራሃት፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ፣
ባለ ጥቁር ኮፍያ አንድ አባወራ፣ ሒሳብ ሳይማር ያደገ፣
ፊደል የሚገለባበጥበት ልጅ፣ ላቡን በእጅጌው የጠረገ።
ጠባቂያችን ላሪሳ ናት፤ በኪዬቭ ድልድይ ትሠራ ነበር ይላሉ፣
እዚህ የፈተና ወረቀት ታድላለች፤ ዕድሜና ቋንቋ እንዲህ ያደርጋሉ።
ሱዓድ በዓረብኛ ታጉተመትማለች፣ እኔ በአማርኛ፣
ሁለታችንም የምንጽፈው ግን በሦስተኛ።

የትልቁ አዳራሽ ደወል ሲጮኽ ከግድግዳው ማዶ፣
ሳቅ ሰማን፣ ኮቴ ሰማን፣ ሕዝቡ ደረጃውን ሲወርድ ተንዶ።
የእኛ ሰዓት ገና ይቆጥራል። እፍኝ፣ እንደገና እፍኝ፤
የጠፋው የአጥንት ስም ተመልሶ መጣ፣ እንደ ዘመድ ሊያቅፈኝ።

ጨረስኩ። ሰባት ደቂቃ ተረፈኝ። ላሪሳ በሩን አሳየችኝ በአገጯ፣
ሱዓድን አየኋት፤ ገና ትጽፋለች፣ ሻሿ ተንሸራትቶ በጉንጯ።
ደቂቃ እቁብ አይደለም፤ የእኔን ውሰጂ አይባልም፣
ግን የመጨረሻዋ ሆና፣ ብቻዋን፣ ልተዋት አልወድም።
እርሳሴን እንደገና አነሣሁ። ያለቀ መልስ ላይ አጎነበስኩ፣
ምንም ሳልጽፍ፣
ሰባቱን ደቂቃ መረቅኩ።