አቤት ብላ ያልከፈተች

ነፋሱ መስኮቱን ሌሊቱን ሙሉ ሲደልቀው፣
ሁለት መቶ አሥራ አራት ማሽን እቆጥራለሁ፣ አንዱንም ሳልለቀው።
ከፑንታ አሬናስ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ ወንበሬ ላይ ሆኜ
እገባለሁ ክሊኒክ ለክሊኒክ፣ የይለፍ ቃሌን ተማምኜ።
ምን ተጭኖባታል? መቼ ታደሰች? ዲስኩስ ስንት ቀረው?
የበሽተኛ ስም አልነካም፤ እሱን ሐኪም ብቻ ነው የሚያየው።

ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ መለሱ እንደ ደንቡ።
አንዷ ግን፣ ከሰርጡ ማዶ፣ ፖርቬኒር፣ ከወደቡ፣
«አለሽ?» ስላት «አቤት!» ትላለች፣ በሃያ ሚሊሰከንድ፤
«ልግባ?» ስላት ግን፦ መግባት ተከልክሏል፣ ስህተት ቁጥር አምስት።
ሠላሳ ጊዜ ብሞክር መልሷ ያው አንድ።

ጠፍታ ቢሆን፣ ሞታ ቢሆን፣ ቀይ ምልክት አድርጌ ባለፍኩ፤
አቤት እያለች አለመክፈቷ! እዚያ ላይ ነው የተሸነፍኩ።

ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ጀመርኩ ከራሴ ኪስ፦
የይለፍ ቃሌን በአንድ ጣት ጻፍኩ፣ ትልቁን ፊደል ሳልዘነጋ፣ ቀስ።
ስሜ ከአስተዳዳሪዎቹ ተርታ አለ፤ አልተሰረዘም።
ፋየርዎሉ አድራሻዬን ያውቃል፤ መንገዱ አልተያዘም።
አገልግሎቱ ተኝቶ እንደሆን ብዬ መዝገቡን አይቼ፣
ነቅቷል፤ ያንቀላፋሁስ እኔ ነኝ፣ ዓይኔን በመዳፌ አሽቼ።

አንዲት ሳጥን አለች፣ «ለሁሉም ሁሉን ፍቀድ» የምትል፣
አንዴ ብትነካ በሩ ወለል፣ አጥሩ እልም የሚል።
ጣቴ ደርሶባት ነበር።
አለቃዬ ዶን ኤፍራይን ጡረታ ሳይወጣ፣
«በሩን ገንጥሎ የገባ ሰው ሲወጣ ምኑን ይዘጋል?» ይል ነበር።
ተውኳት። ስልክ ይሻላል አልኩ፤ ሰው አይጠፋም በዚያ ሰፈር።

ጠዋት ደወልኩ። «ማን ልበል?» አለች ነርሷ፣ ዳኒትሳ ቩሌቲች።
«ኤሊሴዎ ማንሲያ፣ ከማዕከል» ብላት ዝም አለች።
«ባለፈው ሳምንትም አንዱ ‹ከማዕከል ነኝ፣ የይለፍ ቃል ስጪኝ› ብሏል፤
ድምፅማ ለማንም አለው። አንተን እዚህ ማን ያውቅሃል?»
ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። እሷና ማሽኗ አንድ ናቸው፦
አቤት ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥር አምስት ነው መልሳቸው።
ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። በዋናው ቁጥር፣ በዘበኛው በኩል አስፈልጋ፣
መልሳ ደወለች፦ «አሁን ጠይቅ፤» ድምፅዋ ትንሽ ረጋ።

«ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ስንት ይላል?» አልኳት።
«ከዘጠኝ ደቂቃ።» የኔ ከሃያ ይላል። አሥራ አንድ ልዩነት።
ባትሪዋ ከሞተ ሁለት ክረምት፤ ጠዋት ስትነሳ ጊዜው ይጠፋባታል፣
ዳኒትሳም ነፋሱ የመርከቧን ጥሩንባ ሲያመጣ ትሞላላታለች፤
መርከቧ ደግሞ፣ ከዚህ ወደዚያ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ትዘገያለች።
ሰርቨሩ ለመተማመን የሚሰጠው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤
ከዚያ ያለፈ እንግዳ የትናንት ደብዳቤ የሰረቀ ሌባ ነው የሚመስለው።

በእጇ አስተካከለችው። «አሁንስ?» አለች።
አንኳኳሁ። አቤት። ልግባ? ከፈተች።
ዲስኳ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፣ አንድ አሮጌ ማተሚያ ታቅፋለች፤
ሌላ ምንም የላትም። ለዚህ ነው እንዲያ በሯን የጠበቀች።

ሪፖርቱ «ምክንያት» የሚል ጠባብ ሳጥን አለው፤ «ሰዓት» ብዬ ሞላሁት።
ባትሪውን በፖስታ አሽጌ በነገው መርከብ ጫንኩት፤
የሚደርስበትን ደቂቃ አውቀዋለሁ።
«የግድግዳው ግን» አለች ዳኒትሳ፣ ስልኩን ልትዘጋ ስትል፣
«የግድግዳውን ሰዓት አልነካም፤ እሱ ከመርከቧ ጋር ይቆይ።
በሽተኞቼ የሚመጡት በእሱ ነው።»