የኦርቢን ዓሣ

ሦስት ሌሊት አለፈ፣ ኦርቢን ሳይተኛ፤
አንዲት መንጋጋ ጥርስ፣ እንደ ክፉ ዳኛ፣
ታቆመዋለች ሌት፣ ቀጠሮ ሳትሰጥ፣
በልቡ ምት ልክ መዶሻ ስትቀጠቅጥ።
በሞቀ የጨው ውኃ ተጉመጠመጠ፤
ቅርንፉድ ነከሰ፤ ውስኪውን ጨለጠ፤
ትራሱን ገልብጦ፣ በቀዝቃዛው ፊት
ጉንጩን አስተኝቶ፣ እሱ ነቃበት።

ኬንታኪ ነው አገሩ። የከሰል ተራራው
ሆዱ ተጎልጉሎ ካበቃ ሥራው፣
እንጨት መሰንጠቂያ ቆሞ ነው የሚውለው፤
መጋዙ ሲጮህ ጥርሱ ነው የሚመልሰው።

ከወንዙ ማዶ ነው የጥርስ ሐኪሙ፤
ኦርቢን በስልክ ጠየቀ፣ ከነሕመሙ።
ጸሐፊዋ ጠራችው፣ ቁጥሩን በዝግታ፤
የሁለት ወር ኪራይ፣ የልጁ መነጽር፣ ሄደ ባንድ አፍታ።
«ለመንቀልስ ስንት ነው?» ያም ቢሆን ራቀው፤
«ቀጠሮ ልያዝልህ?» ስትለው፣ ሳቅ ተናነቀው።
መሳቅ ያማል።
ስልኩን ዘጋው።

«ፒንሳ አለኝ» አለው ሆባርት፣ የሥራ ባልደረባው፤
«ያባቴን እኔ ነኝ የነቀልኩት፣ ከጓሮ፣ ከጋጣው።
የመጀመሪያው ደህናው ነበር፣ ተሳስቼ፤ ሁለተኛው ግን...»
ኦርቢን አላስጨረሰው።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ አብጦ፣ ዓይኑ ጠቦ፣
የቤት እንስሳት መሸጫ ገባ፣ ባርኔጣውን ስቦ።
በቀቀን ይሳደባል፤ የውሻ ምግብ ይሸታል፤
ከጥጉ፣ ከመስታወት ውስጥ፣ ወርቃማ ዓሣ ይዋኛል።
ከዓሣው በላይ፣ ከመደርደሪያው፣
«ለዓሣ ብቻ» የሚል ጠርሙስ ነው የፈለገው።

ቬልማ ከባንኮኒው አየችው፣ ዝም ብላ፣
እንደ ልማዷ አፏን በመዳፏ ከልላ።

«ዓሣህን ምን ነካው?»
«ጉንጩ አበጠብኝ።»
«የቱ ጉንጩ?»
«ግራው። ሌሊት አላስተኛኝ።»
«ይበላል?»
«ሾርባ ብቻ። እሱም በቀኝ በኩሉ።»
«ትኩሳትስ?»
«ትናንት ማታ ፈልቶ ነበር፣ ውኃው በሙሉ።»
«ክብደቱ?»
«ሰማንያ ኪሎ። ጫማውን ሲያወልቅ።»

ቬልማ አልሳቀችም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»
ያለ ሰው ኦርቢንን አላየውም።
በገዛ ስሙ ቢጠራው፣ «የኔ ነው» ቢል ገልጦ፣
ዋጋው ይደርስበታል ደዌውን ቀድሞ፣ ሮጦ፤
ስለዚህ ሕመሙን ቅርፊት አለበሰው፤
ከውኃ ከተተው፤ ጥርሱ እንኳ የሰው
መሆኑን እስኪረሳ።

«ስማኝ» አለች ቬልማ፣ ጠርሙሱን ሳትለቅ፤
«የኔም ዓሣ ከዚሁ ነበር፣ እየዋጠ የሚደበቅ።»
መዳፏን አወረደች።
ከላይ አራት፣ ከታች ሁለት፤
በር የሌለው ቤት።
«እብጠቱን ቢያስተኛው ነው፤ ሥሩን አይነካም።
ወደ ጉሮሮ ከወረደ ሆስፒታል ሂድ፣ ዕዳ ቢከተልህም፤
ዕዳ ሬሳ አያሳድድም።
በመስከረም፣ የከብት ጨረታው አዳራሽ፣
በነጻ የሚነቅሉ ይመጣሉ። ከመኪናህ እደር፣ ወረፋው ሳይደርስ
ነው የሚያልቀው። እኔ ቁጥሬ ሦስት መቶ ሰባት ነበር፤
ላም ከሚታለብበት ወንበር ላይ...» ተወችው፣ ያን ነገር።

አሥራ አራት ዶላር ከፈለ፣ ከነሳንቲሙ።
ወርቃማው ዓሣ ከመስታወቱ ሥር፣ ሳይሰማ ድምፁ፣
አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ፤
ጥርስ የለበት። ዕዳ የለበት።

«ዓሣህን እግዜር ይማረው» አለችው፣ ሲወጣ።
አሜን ለማለት አፍ መክፈት ይጠይቃል፤
ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ወጣ።