ሳንባ የሌለው ጎማ

አባቴ ፊርማን ሠላሳ አንድ ዓመት ጎማ ሲጋግር ኖረ፤
የፋብሪካው ጥቁር ብናኝ ደረቱ ውስጥ ቀረ።
ዛሬ ከመስኮቱ ሥር፣ ከብረት ጠርሙስ ጋር ተዛምዶ፣
አየር በልክ ይጠጣል፣ ባፍንጫው ቱቦ ሰዶ።

እኔ ሶላንዥ ነኝ፣ ፖስታ አዳይ፤ በኦቨርኝ ኮረብታ ዟሪ፤
የፍርድ ቤት መጥሪያና የልደት ካርድ ባንድ ከረጢት አኗሪ።
በኅዳር ላይ ለቢጫዋ መኪናዬ አዲስ እግር አመጡልኝ፤
«ለሙከራ ነው፤ አየር የለውም፤ አይፈነዳም» አሉኝ።
በቸርኬውና በቆዳው መሃል የላስቲክ ጎድን ተደርድሮ፣
ማዶ የተኛ ድመት ይታያል፣ በየቀዳዳው ተመንዝሮ።

ወስጄ ባሳየው አባቴ ቱቦውን እየጎተተ ወጣ፤
ጣቱን በጎድኖቹ መሃል አሾለከ፤
«ሳንባውንስ ማን ወሰደው?» ሳቀ። ከሳቁ ኋላ ሳሉ መጣ።

መጀመሪያ ወደድሁት፤ መውደዴን አልደብቅም።
የጣሪያ ጠጋኙ የባርቴሌሚ ግቢ ከምስማር ጸድቶ አያውቅም፤
አምና ሦስቴ እዚያው በር ላይ ተነፈሰብኝ፤
በዝናብ ክሪክ ስታገል ሽማግሌው ጃንጥላ ያዘልኝ።
ዘንድሮ ምስማሩ ገባ፣ ወጣ፤ ጎማው ምንም አላለም።
«የማይተነፍስ» አለ አባቴ «መቼም አይተነፍስም።»
ስኮርታውም ወርዶ ለእሽግ ቦታ ተረፈ፤
ሰኞ ሰኞ በብርድ ተንበርክኮ አየር መለካት አለፈ።

ግን ፍጥነቱ ሰማንያ ሲደርስ ይጮሃል፤
እንደተነካ ቀፎ፤ የሬዲዮውን ወሬ ይውጣል፤
የመንገዱን ጠጠር አንድ ባንድ ለወገቤ ያወራል።
በሐምሌ ቁልቁለት ይግላል ይላሉ፤ ሐምሌን ገና አላየሁ።
አንድ ጎድኑ ቢሰነጠቅ ግን መጣፊያ የለውም፤ ጠይቄአለሁ፤
ሙሉውን ይጥሉታል።
የድሮው ስድስት ጠባሳ ይዞ እየተጣፈ ያረጅ ነበር፤
ስሙን የማልጠራው አንድ ሰው እንደሚያረጀው፣ መስኮት ሥር።
«አየር» ይላል አባቴ «ካስገባነው ሁሉ ርካሹ እሱ ነበር፤
በነጻ የተሸከመንን አባርረው፣ ስንት መሐንዲስ ሲቸገር!»

ጥር ላይ በረዶው ጠና፤ ጠርሙስ የሚያመጣው ሰው ቀረ፤
ከፋርማሲው ተቀብዬ ጫንሁት፤ ከደብዳቤው ጎን ታሰረ።
ከድልድዩ ማዶ የወይን ጠጅ የጫነ መኪና ተገልብጦ፣
መንገዱ ሁሉ ስባሪ፤
ሰዉ በተነፈሰ ጎማው ዙሪያ፣ አንገቱ ኮቱ ውስጥ ሰምጦ።
እኔ በስባሪው ላይ አለፍሁ፤ ከሥሬ እየተንኮሻኮሸ፤
ከኮረብታው ወገብ ስደርስ ግን መሪው ከመዳፌ ሸሸ።
በረዶው በጎድኖቹ ገብቶ፣ ባንድ ወገን ደርቆ፣ ከብዶ፣
ጎማው እንደ ሰካራም ይረግጣል፣ አንዴ ወጥቶ አንዴ ወርዶ።
ወርጄ በካቻቢቴ ፈለፈልሁት፣ ባትሪ በጥርሴ ይዤ፤
አራት እግር፤ አርባ ደቂቃ፤
ሰማዩንም ጎማውንም ተሳድቤ፣ በመጨረሻ ፈዝዤ።

እዚያ ጨለማ ላይ መጣብኝ፦
አየር የሌለው ጎማ፣
አየር ላጠረው ሰው፣
አየር ተሸክሞ ዳገት ይወጣል።
ተንበርክኬ ሳቅሁ፤ ትንፋሼ ጭስ ሆኖ ይታየኛል።

ስደርስ የመጠባበቂያው ጠርሙስ መርፌ በቀዩ ጫፍ ሲዞር፣
«ዘገየሽ» አለኝ፤ ለሌላ ቃል ትንፋሽ አልነበር።

አሁን ሚያዝያ ነው፤ የሙከራው ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል፤
ባንድ ወገን «ጥቅም»፣ ባንድ ወገን «ጉዳት» ይላል።
ምስማሩን ከዚህ፣ በረዶውን ከዚያ ጻፍሁ፤
ጩኸቱ ጋ ስደርስ «ቆይ» አለ አባቴ፤ እስኪተነፍስ ጠበቅሁ።
«እሱ ከድልድዩ ጀምሮ ይሰማኛል።
ማታ ማታ ሲመጣ፣ ሶላንዥ ደረሰች እላለሁ፤
ቱቦውን ነቅዬ ጸጉሬን አበጥራለሁ።»

እስክሪብቶው በሁለቱ ዓምድ መሃል ቆመ።
ጩኸቱን የት ልጻፈው?
ቅጹን አጥፌ መኪናዋ ኪስ ውስጥ ከተትሁት።