በእርሳስ የተጻፈ

ጥር ሲገባ በዳኮታ ሜዳ ነፋስ አጥር አያውቅም፤
ከደረቀ የበቆሎ አገዳ በቀር የሚገታው አይገኝም።
ማክሰኞና ቅዳሜ ግን፣ ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ፣
ሦስት እርሳሶች ተቀርጸው ከኪሴ ያድራሉ፤
የመኪናዬን መስታወት ከበረዶው ፍቄ ፍቄ፣
እመጣለሁ ወደ ኮሌጁ፣ ጣቴን በትንፋሽ አሙቄ።

ጡረተኛ ፖስተኛ ነኝ፤ የሰው ደብዳቤ ሳድል ኖሬ፣
የሴት ልጆች ቅርጫት ኳስ ነጥብ ለቃሚ ሆንኩ ዛሬ።
ሁለት ላገባች ሁለት፣ ሦስት ላገባች ሦስት፤
ላጠፋች አንድ ጭረት፣ አምስት ሲሞላ ስንብት።
ይኸው ነው ሥራዬ።
ሎሬል ለምትመጣባት ግዙፍ ደረቷን ሰጥታ ስትወድቅ፣
ወለሉ እንደ በር ሲንጓጓ፣ ክርኗ ተልጦ ስትስቅ፣
ለእሱ ዓምድ የለኝም።
ብሪታ በአውቶቡስ መብራት የነርስነት ፈተናዋን
ስታጠና፣ በገዛ ጣቷ እየቆጠረች የእጅ አጥንት ስሞችን፣
ለእሱም የለኝም።

ስምንት ኮሌጅ ነን በምድቡ፤ የሚያልፉት ስድስት ናቸው።
ታኅሣሥ ላይ አራቱን በተርታ ተረታን፣ ምን ላውጋችሁ!
በአምስተኛው የታሚካ ጉልበት ዞረ፤ እንደ ደረቅ ጭራሮ
ቀጭ ሲል ሰማሁት፤ አዳራሹ ጭጭ አለ፣ ያ ሁሉ ጩኸት ተቀብሮ።
አሠልጣኛችን ሼሪል የዕቅድ ሰሌዳዋን ወርውራ ሰበረች፤
ቆይታ፣ ተንበርክካ፣ ስብርባሪውን ለቀመች።

ከዚያ በኋላ ምን እንደነካን እንጃ።
ምናልባት አውቶቡሱ በበረዶ የቆመበት ሌሊት ነው፣
ነጂው ዌንደል ከነዳጅ ማደያ ደጅ ያሳደረን፤
አሥራ ሁለት ልጅ በቀዘቀዘ ፒዛ፣
ታሚካ በክራንቿ እየጠቆመች
«አንቺ ዘገየሽ፣ አንቺ ፈዘዝሽ» ስትል፣
ማንም ሳይቆጣት፣ እስኪነጋ።
ብቻ ማሸነፍ ጀመርን፤ በሁለት፣ በአንድ፣ አንዴም በአሥራ ዘጠኝ፤
እርሳሴ አጠረ፤ የዳቦ ቤቱ ባለቤት እንኳ «ዛሬስ?» አለኝ።

የካቲት ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ቀን፣ በገዛ ሜዳችን፣
ላሸነፈ ስድስተኛነት፤ ለተረታ ማልያ መመለስ ብቻ።
ደወሉ ጮኸ፦ ስልሳ አንድ ለስልሳ። እኛ።
አራት መቶ ሰው ከእንጨት ወንበሩ ወደ ወለሉ ፈሰሰ።

ደመርኩ። ስልሳ።
እንደገና ደመርኩ፣ ከታች ወደ ላይ። ስልሳ።
ከእረፍት መልስ ብሪታ ከጥግ የላከቻት ኳስ ናት፤
ዳኛው ሁለት ጣት አሳይቷል፣ እኔም ጽፌያለሁ ሁለት፤
ሰሌዳውን የሚነካው ልጅ ግን ሦስት ሞልቷል።
የእንግዶቹ መዝጋቢም፣ ከጎኔ፣ ሰሌዳውን አምና
ስልሳ አንድ ብላለች።

ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።
በእርሳሴ ጭራ ላይ ላጲሱ አለ፣ ሮዝ፣ ገና ያልተነካ።
ዳኛው ሊፈርም ጎንበስ ሲል ላቡ ደብተሬ ላይ ጠብ አለ።
«ስልሳ ለስልሳ ነው» አልኩት።

የአንድ ከተማ ዝምታ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን
የመርዶ ደብዳቤ ያደልኩት እኔ እንኳ አላውቅም ነበር።

ጭማሪ አምስት ደቂቃ። በአራት ነጥብ ተረታን።

መኪና ማቆሚያው ላይ መስታወቴን ስፍቅ ብሪታ መጣች፣
የእርጥብ ፀጉሯ ጫፍ በብርድ ደርቆ፤
የተማሪ መታወቂያዋን አውጥታ
በወዲያኛው በኩል መፋቅ ያዘች።
ብዙ ቆየን።
«እግሬ መስመሩን ነክቶ ነበር» አለች። «ያኔውኑ አውቄዋለሁ።»
የምመልሰው ፈለግሁ፤ አፌ ውስጥ ብርድ ብቻ።
መታወቂያዋ ለሁለት ተሰበረ፤ ፎቶዋ ከዚህ፣ ስሟ ከዚያ።
«ይበቃል፣ መንገዱ ይታይሃል» አለች።
«ቀስ ብለህ ንዳ፣ ቨርሊን።»